ፌሮ ከግዢ እስከ ኮንክሪት ሙሌት፦ ለጂ+1 ቤት ደረጃ በደረጃ

የፌሮ ሥራ ላይ የተፈጸመ ስህተት ኮንክሪት ከፈሰሰበት በኋላ አይታይም፤ ለማረም ደግሞ ማፍረስ ይጠይቃል። በመኖሪያ ቤት ግንባታ ላይ የሚደጋገሙት ጥፋቶች በጣም ጥቂት ናቸው፦ ክብደቱ የጎደለ ፌሮ ይገዛል፣ የስታፋ (ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት) ጫፍ በ90 ዲግሪ ብቻ ታጥፎ ይቀራል፣ ኮለንና ቢም (ቋሚው ምሰሶና አግድሙ ተሸካሚ) በሚገናኙበት ቦታ ስታፋ ይዘለላል፣ የበረንዳ የላይ ፌሮ በእግር ተረግጦ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ቤቱን ራሱ ለሚያሠራ ባለቤት፣ ለፎርማንና ሥራውን ለሚጀምር ፌራዮ (ፌሮ የሚያስር ባለሙያ) ነው። ከታች ያሉት ቁጥሮች የተለመዱ ናቸው። የእናንተ የስትራክቸር ፕላን ሌላ ቁጥር ካስቀመጠ ፕላኑን ተከተሉ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህ በእጃችሁ ካልገቡ ፌሮ አትግዙ፦

- የተፈረመበትና ማኅተም ያለበት የስትራክቸር ፕላን፣ ከነፌሮ ዝርዝሩ
- የመሃንዲሱ ስልክ፤ በሥራ መሃል የሚነሳ ጥያቄ በግምት እንዳይመለስ
- 15 ወይም 30 ሜትር የሚለካ ሜትር፣ ካሊፐር፣ ቢያንስ 100 ኪሎ የሚመዝን ሚዛን
- የፌሮ መቁረጫ፣ ማጠፊያ ቁልፍ፣ ካስማ የሚመታበት ጠንካራ የማጠፊያ ጠረጴዛ
- ፒንሳና ጥቁር ሽቦ፤ በግምት ለ1 ቶን ፌሮ ከ8 እስከ 12 ኪሎ ሽቦ ይበቃል
- ስፔሰር (ፌሮው ቅርጹን እንዳይነካ የሚያርቀው ቁራጭ)፤ ከአሸዋና ሲሚንቶ ቀድማችሁ ካልሠራችሁት በመጨረሻው ቀን ጠጠር ይተካዋል፣ ጠጠር ደግሞ ይንሸራተታል

ስፔሰሩን 1 ለ 2 በሆነ ሲሚንቶና አሸዋ ሥሩት፤ እርጥብ እያለ ማሰሪያ ሽቦ ክተቱበት፤ ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ አጠጡት። ሦስት ዓይነት ውፍረት ያስፈልጋችኋል፦ ለፉቲንግ (ከኮለኑ ሥር ላለው መሠረት) 5 ሳ.ሜ፣ ለኮለንና ለቢም 2.5 ሳ.ሜ፣ ለሶሌታ (ለወለሉ ኮንክሪት) 2 ሳ.ሜ።

## ደረጃ 1፦ የትኛው ብረት የት እንደሚገባ ለዩ

ባለ 6 እና ባለ 8 (ቁጥሩ የፌሮው ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ነው)። ለስታፋ። ብዙውን ጊዜ በጥቅል ይመጣሉ። ባለ 6 ጥርስ የሌለው ለስላሳ ሊሆን ይችላል። ፕላኑ ባለ 8 ካለ ባለ 6 አይተካውም።

ባለ 10 እና ባለ 12። ለሶሌታ፣ ለደረጃ፣ ለፉቲንግ ምንጣፍ (ከታች ለሚዘረጋው የፌሮ መረብ)፣ ለቀላል ቢም።

ባለ 14፣ 16 እና 20። ለኮለን፣ ለዋና ቢም፣ ለግሬድ ቢም (መሬት ደረጃ ላይ ላለው ቢም)።

አርኤችኤስ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) እና አንግል አይረን። ለጣሪያ ትራስ፣ ለፑርሊን (የጣሪያ ክዳን ለሚያርፍበት አግድም)፣ ለደረጃ መደገፊያ። ኮንክሪት ውስጥ ፌሮን አይተኩም። ሲገዙ ዋናው ማጭበርበሪያ ውፍረት ነው፤ ባለ 40 በ40 አርኤችኤስ ውፍረቱ 2 ሚሊ ከሆነ 6 ሜትሩ ወደ 14 ኪሎ ይመዝናል፣ 1.5 ሚሊ ከሆነ ግን 11 ኪሎም አይሞላም። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ጫፉን በካሊፐር ለኩ፣ አንዱንም መዝኑ።

ላሜራ (ስስ የብረት ሉህ) እና ኤልቲዜድ (የበርና መስኮት ፍሬም ብረት)። ለበርና መስኮት። ጭነት የሚሸከም ቦታ ላይ አታስገቧቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ስለ ፌሮ ነው፤ የቤቱ ደኅንነት የሚወሰነው እዚያ ላይ ነውና።

## ደረጃ 2፦ የፌሮ ዝርዝራችሁን አዘጋጁ

1. ከፕላኑ ላይ እያንዳንዱን አካል ለብቻ ጻፉ፦ ፉቲንግ፣ ግሬድ ቢም፣ ኮለን፣ ቢም፣ ደረጃ፣ ሶሌታ።
2. ለእያንዳንዱ የፌሮውን ቁጥር፣ ብዛት፣ የአንዱን ርዝመትና የማጠፊያውን ቅርጽ አስቀምጡ።
3. የሚቀጠል ፌሮ ካለ ኦቨርላፑን (ሁለቱ ፌሮ የሚደራረቡበትን ርዝመት) ርዝመቱ ላይ ደምሩ። ፕላኑ ዝም ካለ መሃንዲሱን ጠይቁ፤ ለግዢ ግምት የዲያሜትሩን 50 እጥፍ ያዙ። ለባለ 12 60 ሳ.ሜ፣ ለባለ 14 70፣ ለባለ 16 80፣ ለባለ 20 1 ሜትር ይሆናል።
4. ርዝመቶቹን በ12 ሜትር ቤርጋ (አንድ ሙሉ ዘንግ) ላይ አቀናጁ። ለምሳሌ የ4.30 እና የ3.40 ሜትር ፌሮ የምትፈልጉ ከሆነ ሁለት 4.30 እና አንድ 3.40 ልክ 12 ሜትር ይሞላሉ። 4.30ውን ብቻ ደጋግማችሁ ብትቆርጡ ግን ከእያንዳንዱ ቤርጋ 3.40 ሜትር ይተርፋል፤ ያንን የሚፈልግ ቦታ ካልተገኘ ቁርጥራጭ ሆኖ ይሸጣል።
5. ለብክነት ከ3 እስከ 5 በመቶ ጨምሩ።

ዝርዝሩን ፌራዮው ብቻውን በቃል ሲናገር አትቀበሉ። ወረቀት ላይ ከሌለ በኋላ "አነሰ" ሲባል ምን እንደጠፋ ማወቅ አይቻልም።

## ደረጃ 3፦ ከመክፈላችሁ በፊት መዝኑ

ፌሮ በዓይን አይለካም። በካሊፐርም ብቻ አይታመንም፤ ጥርሱ ላይ ስትለኩት ይወፍራል፣ በጥርሶቹ መሃል ስትለኩት ይቀጥናል። የማይዋሸው ክብደት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር በራሱ አባዙ፣ ለ162 አካፍሉ፤ የ1 ሜትር ክብደት በኪሎ ታገኛላችሁ።

- ባለ 6፦ በሜትር 0.222፣ በ12 ሜትር ቤርጋ 2.66 ኪሎ
- ባለ 8፦ በሜትር 0.395፣ በቤርጋ 4.74 ኪሎ
- ባለ 10፦ በሜትር 0.617፣ በቤርጋ 7.4 ኪሎ
- ባለ 12፦ በሜትር 0.888፣ በቤርጋ 10.66 ኪሎ
- ባለ 14፦ በሜትር 1.21፣ በቤርጋ 14.5 ኪሎ
- ባለ 16፦ በሜትር 1.58፣ በቤርጋ 18.96 ኪሎ
- ባለ 20፦ በሜትር 2.47፣ በቤርጋ 29.6 ኪሎ

አመዛዘኑ እንዲህ ነው፦

1. ከእስሩ መሃል 5 ቤርጋ አውጡ። ከላይ የተቀመጡትን አትውሰዱ።
2. እያንዳንዱን በሜትር ለኩ። 11.70 የሚሆን ቤርጋ እንግዳ ነገር አይደለም።
3. አምስቱን በአንድ ላይ መዝኑ።
4. ጠቅላላውን ክብደት ለጠቅላላው ርዝመት አካፍሉና ከላይ ካለው ጋር አነጻጽሩ።

ባለ 12 ተብሎ የቀረበ 5 ቤርጋ፣ ሙሉ 60 ሜትር ሆኖ፣ 47.5 ኪሎ መዘነ እንበል። በሜትር 0.792 ኪሎ ማለት ነው። መሆን የነበረበት 0.888 ነበር። ወደ ዲያሜትር ስትመልሱት 11.3 ሚሊ ይመጣል፤ ከብረቱ ወደ 11 በመቶ የሚጠጋው የለም። የአውሮፓ ደረጃ ከባለ 8 በላይ ለሆነ ፌሮ የሚፈቅደው ልዩነት 4.5 በመቶ ነው፣ ለባለ 8 እና ከዚያ በታች 6 በመቶ። ስለዚህ አምስቱ ቤርጋ ቢያንስ 50.9 ኪሎ ካልመዘኑ አትረከቡ።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚስተው ነገር አለ። ፌሮው በቤርጋ የሚሸጥላችሁ ከሆነ የጎደለው ክብደት ገንዘባችሁን ይወስዳል። በኪሎ ከሆነ ግን ገንዘባችሁ አልተነካም፤ እንዲያውም በኪሎ ሲቆጠር የቤርጋው ቁጥር ስለሚበዛ የተረፋችሁ ይመስላል። ፌራዮው ግን የሚያስረው ቆጥሮ እንጂ መዝኖ አይደለም። ፕላኑ 6 ፌሮ ካለ 6 ያስራል፤ የቀጠነው ብረት በቀጥታ ኮለናችሁ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በኪሎ ብትገዙም መዝኑ።

ጎድሎ ከተገኘ፦ ሌላ እስር ፍታችሁ ድገሙ። ሁለተኛውም ከጎደለ ዋጋ ለማስቀነስ አትደራደሩበት፤ መልሱት። "ብዛቱን እንጨምርበታለን" የሚለው መፍትሔ መሃንዲሱ አስልቶ ካልፈቀደው አይሠራም።

## ደረጃ 4፦ ጥንካሬውን አረጋግጡ

ሙሉ ክብደት ያለው ፌሮም ደካማ ሊሆን ይችላል። ፌሮው ላይ በየተወሰነ ርቀት የአምራቹ ምልክት፣ ቁጥሩና ግሬዱ ተቀርጾ ሊታይ ይገባል። ምንም ምልክት ከሌለው፣ ጥርሶቹ ቁመታቸው የተለያየ ከሆነ ወይም ጫፉ ሲቆረጥ መሃሉ ላይ ስንጥቅ ካለው አትግዙት።

ግሬድ 40 ማለት ብረቱ መሳብ የሚጀምርበት ጥንካሬ ቢያንስ 280 ሜጋ ፓስካል ነው፤ ግሬድ 60 420፣ ግሬድ 75 520። ፕላናችሁ ኤስ-400 ካለ ግሬድ 60 ይሆናል፣ ግሬድ 40 ፈጽሞ አይሆንም። ግሬድ 75 ገዝቶ ብዛት መቀነስም በራስ ውሳኔ የሚደረግ አይደለም። ብረት ከጥንካሬው ሌላ ሳይበጠስ የመሳብ ችሎታ ያስፈልገዋል፤ ግሬድ ሲጨምር ያ ችሎታ አብሮ ይጨምራል ማለት አይደለም።

በቦታው የሚደረግ ሙከራ። ከእያንዳንዱ ቁጥር 1 ሜትር ቁረጡ። እስከ ባለ 16 ላለው የዲያሜትሩ 4 እጥፍ በሆነ ካስማ ላይ ቀስ ብላችሁ 90 ዲግሪ እጠፉት፦ ባለ 8 በ32 ሚሊ፣ ባለ 12 በ48፣ ባለ 16 በ64። ለባለ 20 7 እጥፍ፣ ማለትም 140 ሚሊ ካስማ ተጠቀሙ። የታጠፈውን የውጭ ጀርባ በብሩሽ ጠርጋችሁ በጣት ዳስሱት። ስንጥቅ ካለ ያ ጭነት ይመለስ።

የላብራቶሪ ፍተሻ። ከእያንዳንዱ ቁጥር 3 ቁራጭ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር፣ ከተለያየ እስር ውሰዱና ወደ የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ወይም የኮንስትራክሽን ላብራቶሪ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ላኩ። ውጤቱ ላይ ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ መሳብ የጀመረበት ጥንካሬ፣ የተበጠሰበት ጥንካሬ፣ የተለጠጠበት መጠን። በአውሮፓ ደረጃ ክላስ ቢ የሚባለው ፌሮ የተበጠሰበት ጥንካሬ መሳብ ከጀመረበት ቢያንስ 1.08 እጥፍ መሆን አለበት። ለኮለንና ለዋና ቢም የሚገባውን ሳታስፈትሹ አትለፉ።

## ደረጃ 5፦ ማጓጓዝና ማስቀመጥ

12 ሜትር ፌሮ ለመኪና እንዲመች ከመሃል ይታጠፋል። ባለ 8 እና ባለ 10 ይህን ይችላሉ። ባለ 14 እና ከዚያ በላይ የሆነው ግን ስል ታጥፎ ተመልሶ ሲቃና እጥፋቱ ላይ ይደክማል። ለወፍራሙ ረጅም መኪና ተከራዩ፤ ካልተገኘ በዝርዝራችሁ መሠረት መጋዘኑ በር ላይ ቆርጣችሁ ጫኑ።

ሲራገፍ በየቁጥሩ ለዩ፤ ጫፉን በተለያየ ቀለም ቀቡ። ባለ 14ና ባለ 16 ሲደባለቁ ከሩቅ አይለዩም። ከመሬት 15 ሳ.ሜ ከፍ ባለ አጣና ላይ አሳርፉት፣ አጣናውን በየ1.5 ሜትር አድርጉ። በክረምት ሸራ አልብሱት፣ ጎንና ጎኑ ግን አየር ያግኝ።

ዝገት። በእጅ ሲነካ ዱቄት የሚተው ቀይ ዝገት ጉዳት የለውም። ቅርፊት ሆኖ የሚላቀቅ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ጥረጉና እንደገና መዝኑ። ከጠረጋችሁ በኋላ ጉድጓድ ጉድጓድ ካሳየ ለዋና አካል አይሆንም።

አደጋ። 12 ሜትር ፌሮ ሲቆም የመብራት መስመር ይደርሳል። ከላይ ሽቦ ባለበት ግቢ ፌሮ አታቁሙ፤ አግድም ያዙት፣ ወይም ቆርጣችሁ አውጡት።

## ደረጃ 6፦ መቁረጥ

ከረጅሙ ጀምራችሁ ወደ አጭሩ ውረዱ፤ አጭሩ ከትራፊ ይወጣል። አንዱን ለክታችሁ ቁረጡና ናሙና አድርጉት፤ ቀሪውን ሁሉ በዚያው በመጀመሪያው ናሙና ለኩ። የተቆረጠውን እንደገና ናሙና እያደረጋችሁ ከቀጠላችሁ ስህተቱ እየተደመረ ይሄዳል።

በእሳት አትቁረጡ፣ በእሳትም አሙቃችሁ አትጠፉት። አሁን ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ጥርስ ያለው ፌሮ ጥንካሬውን ያገኘው ሲመረት በውኃ በመቀዝቀዝ ነው፤ እሳት ያንን ያጠፋዋል።

## ደረጃ 7፦ ስታፋ

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ኮለን ሲወዛወዝ መጀመሪያ የሚረግፈው የውጭው የኮንክሪት ሽፋን ነው። ከዚያ በኋላ ቋሚ ፌሮዎቹን ወደ ውጭ እንዳይጎብጡ የሚይዛቸው ስታፋው ብቻ ነው። ጫፉ በ90 ዲግሪ የታጠፈ ስታፋ ሽፋኑ ሲረግፍ እንደ በር ይከፈታል። በ135 ዲግሪ ወደ ኮለኑ እምብርት የገባ ጫፍ ግን የሚይዘው የውስጡ ኮንክሪት ስለሆነ አይለቅም።

ርዝመቱን አስሉ። 30 በ30 ኮለን፣ ሽፋኑ 2.5 ሳ.ሜ፣ ስታፋው ባለ 8 ይሁን።

1. ከኮለኑ ስፋት ሁለቱን ሽፋን ቀንሱ፦ 300 ሲቀነስ 50፣ 250 ሚሊ። ይህ የስታፋው የውጭ ልክ ነው።
2. አራቱን ጎን ደምሩ፦ 1000 ሚሊ።
3. ለሁለቱ ጫፎች የዲያሜትሩን 20 እጥፍ ጨምሩ፦ 160 ሚሊ።
4. የመቁረጫ ርዝመት 1160 ሚሊ፣ ወይም 1.16 ሜትር።

ይህ ስሌት ማዕዘኑ በ32 ሚሊ ካስማ ሲታጠፍና እያንዳንዱ ጫፍ ከእጥፋቱ በኋላ 8 ሳ.ሜ ቀጥ ብሎ ሲቀር ነው የሚሠራው። ከአንድ ቤርጋ 10 ስታፋ ይወጣል፣ 40 ሳ.ሜ ይተርፋል። ፌራዮው 11 አወጣሁ ካላችሁ ጫፉን አሳጥሮታል ማለት ነው፤ ወዲያው ለኩት።

ብዛቱን አስሉ። ኮለኑ በሁለት ወለል መሃል 3 ሜትር ቁመት አለው እንበል። ከታች 50 ሳ.ሜና ከላይ 50 ሳ.ሜ በየ10 ሳ.ሜ፣ መሃሉ 2 ሜትር በየ15 ሳ.ሜ ቢታሰር 25 ያህል ስታፋ ይፈጃል። 12 ኮለን ካላችሁ 300 ስታፋ፣ 30 ቤርጋ፣ ወደ 142 ኪሎ። ኮለንና ቢም በሚገናኙበት መጋጠሚያ ውስጥ የሚገባው ለብቻ ይደመር።

አስተጣጠፍ።

1. ጠረጴዛው ላይ ካስማዎቹን ምቱና የጎኑን ልክ በሚስማር አመልክቱ።
2. መጀመሪያ አንዱን ጫፍ 135 ዲግሪ እጠፉ።
3. ሦስቱን ማዕዘን በተራ 90 ዲግሪ እጠፉ።
4. የመጨረሻውን ጫፍ 135 ዲግሪ እጠፉ።
5. ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጡት። ከተንጋደደ አቃኑት፤ ሁለቱን ሰያፍ ለኩ፣ እኩል መሆን አለባቸው።
6. የመጀመሪያውን ስታፋ ባለሙያው ሳይቀጥል በፊት አጽድቁ።

የተለመደ ምክንያት፦ "135 ከሆነ ቋሚው ፌሮ ውስጥ አይገባልንም።" ይገባል። ስታፋዎቹን በቋሚው ፌሮ አናት ላይ አስገብታችሁ ወደ ታች አውርዱ፤ ወይም ኮለኑን መሬት ላይ አስራችሁ አንሱት። በ90 ታጥፎ ከገባ በኋላ "በመዶሻ እንመልሰዋለን" የሚባለውን አትቀበሉ። ከተመለሰው ብዙው 110 ዲግሪ ላይ ይቀራል።

## ደረጃ 8፦ ፉቲንግና የኮለን መነሻ

1. ሊን ኮንክሪቱ (ከፉቲንጉ ሥር የሚፈሰው ስስ ኮንክሪት) ከደረቀ በኋላ የኮለኑን መሃል በክር አውጡና ምልክቱን በሚስማር ጭረት አስቀሩ። ኖራ በዝናብ ይጠፋል።
2. ምንጣፉን ዘርጉ። 5 ሳ.ሜ ስፔሰር በየ1 ሜትር አድርጉ። ጫፎቹ ፕላኑ ላይ እንዳለው ወደ ላይ ይታጠፉ።
3. የኮለኑን መነሻ ፌሮ ከታች 30 ሳ.ሜ ያህል እግር አውጡለትና ምንጣፉ ላይ አቁሙ። እግሩ ምንጣፉን ካልነካ ኮለኑ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።
4. ፉቲንጉ ውስጥ ቢያንስ 3 ስታፋ እሰሩ፤ ከላይም ሁለት ቦታ ላይ እሰሩ፣ ፌሮዎቹ እንዳይከፈቱ።
5. በአጣና በአራት በኩል ወጥሩትና በቱንቢ አረጋግጡ።

ከሙሌት በኋላ ከመስመር ወጥቶ ከተገኘ፦ ኮንክሪቱ ሳይደርቅ ካያችሁት በእጅ ይመለሳል፤ ስለዚህ ሙሌቱ እንዳለቀ ወዲያው ለኩ። ከደረቀ በኋላ ከሆነ በከባድ መዶሻ አታጎብጡት። ትንሽ ከሆነ መነሻውን ዙሪያውን ፈልፍላችሁ በ1 ለ 6 ተዳፋት ይቃናል፦ 2 ሳ.ሜ ለመግፋት 12 ሳ.ሜ ቁመት ያስፈልጋል። ከ3 ሳ.ሜ በላይ ከሆነ መሃንዲሱ ይምጣ። ቆርጦ ሌላ ፌሮ በኬሚካል መትከል ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያንን እሱ ይወስን።

## ደረጃ 9፦ ኮለን

ቋሚ ፌሮ የሚቀጠለው በወለሉ ቁመት መሃል አካባቢ ቢሆን ይመረጣል፤ ከሶሌታው በላይ ወዲያው ያለው ቦታ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ነው። በልማድ እዚያው ከተቀጠለ በኦቨርላፑ ርዝመት ሁሉ ስታፋው በየ10 ሳ.ሜ ይሁን።

የስታፋዎቹን መገጣጠሚያ ጫፍ በአንድ ማዕዘን ላይ አትደርድሩ፤ አንዱን በአንደኛው፣ ቀጣዩን በሚቀጥለው ማዕዘን እያዞራችሁ እሰሩ። እያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ያለው መስቀለኛ ሁሉ በሽቦ ይታሰር፤ የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ ይታጠፍ። ወደ ሽፋኑ የወጣ ሽቦ ዝገትን ወደ ውስጥ ይጠራል።

ሙሌቱ ከደረሰበት በላይ ለቀረው መነሻ ፌሮ ኮፍያ ወይም የተጠቀለለ ጆንያ አድርጉለት። የተረጨበትን ሲሚንቶ ሳይደርቅ ጥረጉ።

## ደረጃ 10፦ ቢምና መጋጠሚያው

1. የቢም ፌሮ ከመግባቱ በፊት መጋጠሚያው ውስጥ የሚገቡትን የኮለን ስታፋዎች በቋሚው ፌሮ ላይ አስገብታችሁ ከፍ አድርጋችሁ በጊዜያዊ ሽቦ ስቀሏቸው። የቢሙ ፌሮ ካለፈ በኋላ ማስገባት አይቻልም፤ መጋጠሚያው ባዶ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ስህተት ነው።
2. የታች ፌሮዎቹን አስገቡ። ጠርዝ ላይ ባለ ኮለን ፌሮው ከማዶው ፊት አጠገብ ድረስ ይግባ፤ የታቹ ወደ ላይ፣ የላዩ ወደ ታች ይታጠፍ።
3. የቢሙን ስታፋ አስገቡ፤ የመጀመሪያው ከኮለኑ ፊት 5 ሳ.ሜ ላይ።
4. የላይ ፌሮዎቹን አስገቡና እሰሩ።
5. የሰቀላችኋቸውን የመጋጠሚያ ስታፋዎች አውርዳችሁ በቦታቸው እሰሩ።
6. ከታችና ከጎን ስፔሰር አድርጉ።

የታች ፌሮ በቢሙ መሃል አይቀጠልም፤ የላይ ፌሮ ኮለኑ አጠገብ አይቀጠልም። ለሁለቱም ከኮለኑ ፊት ቢያንስ የቢሙን ቁመት ያህል ራቁ። ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ፌሮ በአንድ ቦታ አትቀጥሉ።

ፌሮው ተጨናንቆ ከሆነ፦ በሁለት ፌሮ መሃል ቢያንስ 2.5 ሳ.ሜ ክፍተት ከሌለ ጠጠሩ አያልፍም፤ ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ ሲፈታ ከታች ባዶ ቦታ ታያላችሁ። በሁለት ረድፍ አድርጉት፤ በረድፎቹ መሃል የባለ 25 ያህል ውፍረት ያለው ቁራጭ አስገቡ። መሃንዲሱን አሳውቁ፤ የላይኛው ረድፍ ጉልበቱ ያነሰ ነውና።

የተፈለገው ቁጥር ገበያ ላይ ከጠፋ፦ የሚወዳደረው ቁጥሩ ሳይሆን የብረቱ ስፋት ነው። ባለ 12 113 ካሬ ሚሊ፣ ባለ 14 154፣ ባለ 16 201፣ ባለ 20 314 ነው። አራት ባለ 16 804 ይሆናል። አምስት ባለ 14 770 ብቻ ስለሆነ አይተካውም፤ ስድስት ግን 924 ይሆናል። ስሌቱን ይዛችሁ መሃንዲሱን አስፈርሙ።

## ደረጃ 11፦ ሶሌታና በረንዳ

የቅርጹን ዘይት ፌሮ ከመዘርጋቱ በፊት ቀቡ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የነካው ፌሮ ከኮንክሪት ጋር አይያያዝም፤ ከነካው በነዳጅ ጨርቅ ሳይሆን በሳሙናና ውኃ አጥባችሁ አድርቁት።

1. ፕላኑ ላይ ዋና የተባለውን፣ አብዛኛውን ጊዜ በአጭሩ ጎን የሚሄደውን ፌሮ መጀመሪያ ከታች ዘርጉ። ሌላውን በላዩ።
2. 2 ሳ.ሜ ስፔሰር በየ80 ሳ.ሜ።
3. የኤሌክትሪክ ቱቦ አሁን ይግባ፤ ከታቹና ከላዩ ፌሮ መሃል። ቱቦዎች በአንድ ቦታ ተሰብስበው እንዳያልፉ ዘርጓቸው።
4. ቼሮቹን (የላይ ፌሮውን ከታቹ ከፍ አድርገው የሚይዙትን የታጠፉ ፌሮዎች) አቁሙ።
5. የላይ ፌሮውን እሰሩ።

የቼሩ ቁመት። ሶሌታው 15 ሳ.ሜ፣ ሽፋኑ ከላይም ከታችም 2 ሳ.ሜ፣ ፌሮው ሁሉ ባለ 10 ቢሆን፣ ከ150 ላይ ሁለቱን ሽፋን 40፣ የታቹን ሁለት ረድፍ 20፣ የላዩን ሁለት ረድፍ 20 ቀንሱ። 70 ሚሊ ይቀራል። ቼሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7 ሳ.ሜ ይሁን።

በረንዳ ላይ ጭነቱን የሚሸከመው የላይ ፌሮው ነው። በዚህ ሶሌታ ውስጥ የላይ ፌሮው ከታችኛው ገጽ 12.5 ሳ.ሜ ከፍታ ላይ መሆን አለበት። በሙሌት ቀን ሠራተኛ ተራምዶበት 5 ሳ.ሜ ቢወርድ 7.5 ይሆናል፤ በረንዳው ከጉልበቱ 40 በመቶ ያህሉን በአንድ እግር አጣ ማለት ነው። ስለዚህ በበረንዳ ላይ ቼሮቹን በየ50 ሳ.ሜ አቁሙ፤ ጣውላ ዘርግታችሁ በእሱ ላይ ብቻ ተራመዱ፤ ፌሮው ወደ ቤቱ ውስጥ ከበረንዳው ርዝመት በተለምዶ 1.5 እጥፍ ይግባ፤ ፕላኑ ላይ ያለውን ተከተሉ። የበረንዳ ፌሮ ከጠርዙ ቢም ጋር ብቻ ታስሮ ወደ ውስጥ ካልገባ ሙሌቱን አስቁሙ።

## ደረጃ 12፦ ከሙሌት በፊትና በሙሌት ሰዓት

ከሙሌቱ ቀደም ባለው ቀን ፕላኑን ይዛችሁ ዙሩ። የፌሮውን ቁጥርና ብዛት በካሊፐርና በእጅ ቁጠሩ፤ የስታፋ ርቀት በሜትር ለኩ፤ የስታፋ ጫፎችን፣ መጋጠሚያዎችን፣ ኦቨርላፖችን እዩ፤ ፌሮ ቅርጹን የነካበት ቦታ ካለ ስፔሰር ጨምሩ። የወደቀ ሽቦ፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ መጋዝ ዱቄት ከቅርጹ ውስጥ አውጡ። እያንዳንዱን መጋጠሚያ ሜትሩ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፤ መሃንዲሱ ይፈርም።

በሙሌቱ ሰዓት፦

- አንድ ፌራዮ ፒንሳና ሽቦ ይዞ እስከ መጨረሻው ይቆይ። "ሥራዬ አልቋል" ብሎ መሄድ የለበትም፤ ክፍያው ላይ አስቀድማችሁ ተስማሙ።
- ኮንክሪቱን በአንድ ቦታ አትከምሩ፤ ክምሩ ፌሮውን ይገፋል።
- ቫይብሬተሩን ፌሮ ላይ አታስደግፉ። ቀድሞ መያዝ የጀመረውን ኮንክሪት ከፌሮው ያላቅቀዋል።
- የበረንዳውን ፌሮ ኮንክሪቱ ከመድረሱ በፊት አንድ ጊዜ እንደገና ለኩ። የወረደ ካለ በመንጠቆ አንስታችሁ ቼር ጨምሩበት። በእጅ ተነስቶ ያለ ቼር የተተወ ፌሮ ተመልሶ ይወርዳል።
- የኮለን መነሻዎችን ሙሌቱ እንዳለቀ በክር አረጋግጡ። ከመስመር የወጣውን በዚያው ሰዓት መልሱት።